የምትሃት ካርታው ደሴ ላይ ሲሳሳት

ለሰርግ ወይም ለበዓል ከውጭ ወደ ደሴ የገባ ሰው ምትሃት ይችላል ተብሎ ከተወራበት ማምለጫ የለውም። ቶናው ሳይቀዳ “እስኪ ያቺን ነገርህን አሳያቸው” ይባላል። እዚያ ማዶ መቶ ጊዜ ሳይሳሳት የሠራው ጨዋታ እዚህ ሳሎን ውስጥ ይፈርስበታል። አብዛኛው ሰው እጁን ይወቅሳል። እጅ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የምላስ ነው።

ምትሃትን በሰው አገር የተማረ ሰው እየሠራ የሚያወራውን ወሬም በዚያው አገር ቋንቋ ሸምድዷል። ደሴ ላይ በአማርኛ ልናገር ሲል ጭንቅላቱ ይተረጉማል፣ እጁ ብቻውን ይቀራል። ነገሩን በቅርብ እንየው። ታዳሚው መርጦ ያያት የመጫወቻ ካርታ ወደ ጥቅሉ ስትመለስ፣ ቦታዋ እንዳይጠፋ በትንሿ ጣት ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ክፍተት ትያዛለች። ቃል ሲጠፋ ዓይን ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ትከሻ ይነሣል፣ መዳፍ ይላላል። ክፍተቷ ትዘጋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

መድኃኒቱ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ወሬውን ከመምጣታችሁ በፊት በአማርኛ ጻፉት፤ አትተርጉሙት፣ እንደ አዲስ ጻፉት። መጀመሪያ ካርታ ሳትይዙ እየተራመዳችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ቀጥሎ አፋችሁን ዘግታችሁ እጃችሁን ብቻ አሠሩ። ሁለቱን የምታገናኙት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ትንፋሽ አይርዘም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች፤ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እንቅልፉም የተዛባ ነው። ከአውሮፕላን በወረዳችሁ ማግስት “አሳይ” ብትባሉ በቡናው ማመካኘት ነውር የለውም።

በአማርኛ መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው። እንግሊዝኛው ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ አማርኛው ግን እርስዎ፣ አንቱ፣ አንተ፣ አንቺ ይላል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይቀላቅላል። ሽማግሌውን “ምረጥ” ያለ ምትሃተኛ ካርታው ቢሳካለት እንኳ ሳሎኑን አጥቷል። ስለዚህ አንዷን ዓረፍተ ነገር በአራቱም መልክ ተለማመዷት፦ “አንዷን ይምረጡ፣ ለኔ አያሳዩኝ።” ከሽማግሌ ጆሮ ሳንቲም ማውጣት ይቅር፤ እሱ ለልጆች ነው። ከሴት እጅ ላይ ካርታ ማስቀመጥ ወይም እጇን ይዞ ማዘጋት የማይወደድበት ቤት ብዙ ነው፤ ትሪ አስመጡና ካርታውን ትሪው ላይ አድርጉት። ሥራውም ይቀላል፣ ማንም አይሳቀቅም።

የካርታው ስምም ወጥመድ ነው። ከጣሊያንኛ የመጣውን ስም የሚጠራ አለ፣ በእንግሊዝኛው የሚጠራ አለ፣ “ቀይዋ ልብ” ብሎ የሚያልፍም አለ። ስሟን አስታውሱ ከማለት ለጎረቤት እንዲያሳዩ ማድረግ ይሻላል። ቢያንስ ሁለት ሰው ካየ “ረሳኋት” የሚባለው አደጋ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይሄ ነው፤ ምትሃተኛው በትክክል ሠርቶ መራጩ የዘነጋ ጊዜ የሚያድን ዘዴ የለም።

ሳትጀምሩ አንዲት ነገር በሉ፦ “ይሄ የእጅ ጨዋታ ነው፣ ድግምት የለበትም።” ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ሮበር ኡዳን እ.ኤ.አ. በ1856 በመንግሥቱ ተልኮ አልጄሪያ የሄደው ተቃራኒውን ሊያሳምን ነበር፤ የፈረንሳይ ኃይል ከአገሩ ሼኾች ኃይል ይበልጣል ለማሰኘት። እናንተ የመጣችሁት ዘመድ ልትጠይቁ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ጀበና ዙሪያ በሚቀመጥበት ቤት፣ “መተት ነው እንዴ?” የሚል ጥያቄ አንዴ ከተነሣ ሳቁ አይመለስም።

አሁን ወደ ስሕተቱ። አወጣችኋት፣ አሳያችኋት፣ ሰውየው “አይደለችም” አሉ። እዚህ ላይ ሐሳብ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የቱ ጋ ተሳሳትኩ ብሎ ይቆፍራል። የሚቀጥለው ስሕተት የሚወለደው በዚያች ቅጽበት ነው። የእግራችሁን አውራ ጣት ጫማ ውስጥ ወደ ወለሉ ተጫኑ፣ ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ አንድ ሰው ዓይኑን እዩ። ይሄ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ከዚያ ፊታችሁን ሳትለውጡ “አብሽሩ! ይቺ እኮ መንገድ ጠቋሚ ናት” በሉ። ወሎ ውስጥ አብሽሩ የተባለ ሰው ቢያንስ ፈገግ ይላል።

የተሳሳተችው ካርታ አምስት ናት እንበል። ጠረጴዛው ላይ አኑሯትና “የእርስዎ ማን ነበረች?” ብላችሁ ጠይቁ። ሲነግሯችሁ ጥቅሉን ፊቱን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ዘርጉ፣ “አምስት ብላናለች፣ እንስማት” እያላችሁ የሳቸውን ፈልጉ። ስታገኟት ከሷ በላይ፣ ማለትም ወደ ጥቅሉ አናት በኩል፣ አራት ካርታ ብቻ እንዲቀር አድርጋችሁ ቁረጡ። ጥቅሉን ገልብጡና ለሳቸው ስጧቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ያውርዱ፤ አምስተኛዋ የሳቸው ናት። የምትቆጠረው በገዛ እጃቸው ስለሆነ ከመጀመሪያው አሠራር ይልቅ ይሄኛው ያስደንቃል። ከሁለት እስከ ዘጠኝ ያለች ካርታ ለዚህ ትመቻለች። ባለ ሥዕሏ ከወጣች ግን ቆጠራው ይንዛዛል፤ በጎን አስቀምጣችሁ ወደ ሌላ ጨዋታ እለፉ። ይቅርታ አትጠይቁ። ታዳሚው ምን ሊመጣ እንደነበር አያውቅምና የተበላሸውን የምትነግሩት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ወጣቶች ካሉ ጥቅሉን ነጥቆ የሚበውዝ አይጠፋም። የተመረጠችውን ለማግኘት ምልክት አድርጋችሁ ከጎኗ ያኖራችኋት ካርታ ከሷ ተለያይታለች ማለት ነው። አትታገሉት። “እሰይ፣ ደህና አድርገህ በውዝልኝ” በሉና ቅደም ተከተል የማያስፈልገውን ጨዋታ ጀምሩ። አንዱን እንዲህ ዓይነት ሁልጊዜ በመጠባበቂያ ያዙ።

እጅ ራሱን የሚያሳትበትም ጊዜ አለ። የደሴ ምሽት ይበርዳል፣ አየሩም ይደርቃል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ካርታ ይሾልካል። ከመጀመራችሁ በፊት ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ጨብጡ። ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ አንዲት ጠብታ ግሊሰሪን ተቀብቶ በደንብ መጥረግም ይረዳል። ቫዝሊን ግን ካርታው ላይ አሻራ ይተዋል። በሀረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ችግሩ ይገለበጣል፤ እጅ ያልባል፣ ካርታ ይጣበቃል። እዚያ ደረቅ መሃረብና ሁለተኛ ጥቅል ያዙ።

ሳንቲም ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት አይሠራም። ከወደቀ ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ ልጆች ለፍለጋ ይሻማሉ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። እዚያ በግማሽ ዶላር ሳንቲም የተለማመደ ሰውም ይጠንቀቅ፤ እሱ ስፋቱ 30.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኛ አንድ ብር ያንሳል፣ መዳፍ ውስጥ የሚያዝበት ቦታ ይቀየራል። በብር ኖት የምትሠሩም ከ2013 ዓ.ም. በፊት ከወጣችሁ ኖቶቹ መለወጣቸውንና ባለ 200 መጨመሩን አስቡ፤ በዶላር የለመዳችሁት እጥፋት አይገጥምም።

ከሁሉ የሚሻለው ቤቱ ያለውን መጠቀም ነው። ሦስት ሲኒ ተበድራችሁ የኳስና የጽዋውን ጨዋታ፣ ኳስ ከሲኒ ሥር እየጠፋች የምትገኝበትን፣ ሥሩ። ፈንዲሻ ያምራል፣ ግን ይደቅቃልና ፍርፋሪው ያጋልጣል፤ ከጥጥ ክር የተጠቀለለች ትንሽ ኳስ ትሻላለች። ድምፅ ስለማትሰጥ ሲኒው ውስጥ መኖሯ አይታወቅም። ሲኒዎቹ ይታጠቡ፣ በደንብም ይድረቁ፤ የቡና አተላ ካለ ኳሷ ተጣብቃ ትቀርና ስትጠብቋት አትወርድም። አንዱ ሲኒ ሌላው ላይ ሲደረብ መሃል ላይ ኳሷን የሚያክል ቦታ መኖሩን ደግሞ ጓዳ ገብታችሁ ሞክሩ፤ ሁሉም ሲኒ አንድ አይደለም።

ሰርግ ላይ ዳስ ውስጥ የሚከዳችሁ ማዕዘን ነው። ሰው በሦስት በኩል ይቀመጣል፣ ልጆች ከኋላ ይሰበሰባሉ፣ ስልክ ይቀርጻል። ጀርባችሁን ለግድግዳ ወይም ለሸራው ስጡ። ምግብ ሲቀርብ አትጀምሩ። መብራት ቢጠፋ እጃችሁ ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ ጨለማውን ተጠቅማችሁ ብታስተካክሉ መብራት ሲመጣ ሁሉም ያንኑ ይጠረጥራል። ስልክ የሚያበራ ሰው ጋብዙና እንደገና ከመጀመሪያው ሂዱ።

እሳት፣ ስለትና ጠመንጃ ያለበትን እርሱት። ቹንግ ሊንግ ሱ በሚል ስም ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 ለንደን ላይ ጥይት የመያዝ ጨዋታ ሲያሳይ ተመትቶ ሞቷል። ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ወረቀትም ተቀጣጣይ ነውና አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ያለሱ የማይሠራ ትርኢት ይዛችሁ አትምጡ።

አንዱ ልጅ “በኪሱ ነው! አየሁት!” ብሎ ከጮኸ፣ እውነቱን ከሆነ ሳቁለት፣ “ጎበዝ፣ ና አጠገቤ ቁም” በሉትና ረዳት አድርጉት። ረዳት የሆነ ልጅ ምስጢር ይጠብቃል። በመጨረሻ “ድገመው!” ይባላል፤ እናት ጭምር ይለምናሉ። አትድገሙ፤ ሁለተኛው ላይ ሁሉም የሚያየው እጃችሁን ነው። ሌላ አጭር ጨዋታ አሳዩ፣ ካርታውን ማሸጊያው ውስጥ ክተቱና በረካውን ጠጡ።