ሞሪሺየስ ላይ የጎልፍ ሜዳ ስንመርጥ የገጠመኝ

የምሠራበት የጉዞ ወኪል ወደ ውጭ ለዕረፍት ለሚሄዱ ጎልፍ ተጫዋቾች ፕሮግራም ያዘጋጃል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ቡድኑን ይዞ መሄድና እስኪመለስ ድረስ ጉዳዩን መከታተል ነው። በአንድ ሐምሌ ወር፣ የአዲስ አበባው ሜዳ በዝናብ ረስርሶ ጨዋታ አስቸጋሪ በሆነበት ሰሞን፣ ለረጅም ዓመታት አብረው የሚጫወቱ ስምንት ወዳጆች ሞሪሺየስ ሄደው ለመጫወት በእኛ በኩል ቦታ አስያዙ። አብዛኞቹ ከጡረታ የተቃረቡ ወይም ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው በእውነት ጠንካራ ተጫዋች ሊባሉ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የሽያጭ ክፍላችን ከአገሩ አስተናጋጅ ድርጅት ጋር ተነጋግሮ ያወጣው ፕሮግራም በወረቀት ላይ ሲታይ የሚማርክ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የኢል ኦ ሰርፍ ሜዳ፣ በማግስቱ ደቡብ አፍሪካዊው ኧርኒ ኤልስ የነደፈው አናሂታ፣ ቀጥሎ በደቡብ ዳርቻ ቤል ኦምብር የሚገኘው ሄሪቴጅ፣ በመጨረሻም በሌ ሞርን ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ፓራዲ፤ አራቱም ዝነኛ ሜዳዎች በአራት ተከታታይ ቀናት ተደርድረው ነበር። ማረፊያው ግን በዋጋው ተመርጦ በሰሜን ጫፍ፣ በግራንድ ቤይ ነበር። ሞሪሺየስ ከሰሜን እስከ ደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትረዝም ደሴት ስለሆነች በካርታ የሚያያት ሰው ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስለዋል። ነገር ግን በጠዋት ከግራንድ ቤይ ተነስቶ ወደ ቤል ኦምብር የሚሄድ መኪና የፖርት ሉዊስን መጨናነቅ ማለፍ፣ ከዚያም በሸንኮራ አገዳ እርሻ መካከል የሚጠመዘዘውን ጠባብ መንገድ መያዝ ስላለበት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ለወጣት እንኳ አድካሚ ነው።

ወደ ኢል ኦ ሰርፍ የሚኬደው በጀልባ ነው። ሜዳው ከዋናው ምድር በተለየች ትንሽ ደሴት ላይ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በማንግሮቭ ዛፎችና በኩሬዎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሲሆን፣ ከበርካታዎቹ መነሻዎች (የየጉድጓዱ የመጀመሪያ ምት ከሚመታባቸው ቦታዎች) የተመታው ኳስ ሣሩ ላይ ለመድረስ ውኃ መሻገር አለበት። አጭር የመታ ሰው ከመጥፎ ቦታ ተነስቶ የመቀጠል ዕድል እንኳ የለውም፤ ኳሱ በዚያው ጠፋ ማለት ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት ከጀልባው ስንወርድ የባንዲራዎቹ ጨርቅ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ነበር። በመጀመሪያው መነሻ ላይ ተራ የሚያስጠብቀው የሜዳው ሠራተኛ ነፋሱን እያመለከተ፣ ለጉድጓዱ ከሚቀርበው ከፊተኛው መነሻ ቢጫወቱ እንደሚሻላቸው በትሕትና ነገራቸው። በቡድኑ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት የነበሩት ወይዘሮ ወዲያውኑ ተቀበሉት፤ ወንዶቹ ግን በአገራቸው ከሚጀምሩበት ከኋለኛው መነሻ መጫወትን መረጡ።

ከአራተኛው ጉድጓድ በኋላ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ኳስ ፍለጋ ማንግሮቩ ሥር ማጎንበስ፣ ከዚያ ሌላ ኳስ ማውጣት፣ ከዚያም ያንኑ ውኃ ውስጥ መጣል ሆነ። የቡድኑ አስተባባሪ የነበሩት አዛውንት መሐንዲስ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ጓንታቸውን አውልቀው መቀመጫው ላይ አረፉ።

«ጋሼ፣ ደከመዎት? ውኃ ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ድካም አይደለም፤ ኳስ አልቆብኛል» ብለው የኳስ ከረጢታቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ከአዲስ አበባ ሲነሱ በጥንቃቄ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውባቸው ከነበሩት ኳሶች አንድም አልቀረም ነበር። ሌሎች ሁለትም ከእሳቸው ጋር እዚያው አቆሙ። አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ ጨርሰው በደስታ የወጡት ሁለቱ ጠንካራ ተጫዋቾችና ከፊተኛው መነሻ የጀመሩት ወይዘሮ ናቸው፤ የቀሩት ሁለት ሰዎች መጨረሳቸውን ቢጨርሱም ውጤታቸውን መጻፍ አቁመው ነበር። ዘጠነኛው ላይ ካቆሙት አንደኛው ደግሞ ጀርባቸውን አሟቸው ቀድመው ወደ ጀልባው ተመልሰዋል።

ሜዳውን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ለሚችለውና ነፋሱ ላልበረታበት ተጫዋች እጅግ የተዋበ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው በሰዎቹ፣ በወሩና በቦታው መካከል ባለመገጣጠሙ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ኳሱን ብዙም ስለማይገታው ከመቶ ወደ አሥር የሚጠጋ ርቀት ይጨምርለታል። በአገሩ በአንድ ዱላ 140 ሜትር የሚመታ ሰው በባሕር ዳርቻ ያንኑ ዱላ ይዞ ያንኑ ያህል አሳምሮ ቢመታ ኳሱ ከ130 ሜትር በታች ይወድቃል። ውኃውን ለመሻገር 135 ሜትር የሚያስፈልግ ከሆነ ነገሩ ገና ሳይጀመር አልቋል። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በሞሪሺየስ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ቢሆንም፣ በእነሱ ክረምት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይበረታል፤ የመጀመሪያ ምቱን የሚቀበለውም ኢል ኦ ሰርፍና አናሂታ የሚገኙበት ምሥራቁ ዳርቻ ነው። ከፊት የሚመጣ ነፋስ የሚቀንሰው ርቀት ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ከሚጨምረው ስለሚበልጥ፣ ተጫዋቹ በመልስ ጉዞ የጎደለበትን አያገኘውም።

ማታ ከእራት በኋላ አዛውንቱ መሐንዲስ፣ ወይዘሮዋና እኔ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ካርታውን ዘረጋን። ወይዘሮዋ የተናገሩት ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «እኛ የመጣነው አብረን ለመጫወት ነው፤ ማን የነደፈው እንደሆነ ለማየት አይደለም።» እኔም አዲስ አበባ ደውዬ ፕሮግራሙ እንዲለወጥ ጠየቅሁ። ኃላፊዬ መጀመሪያ አልተስማሙም፤ ፕሮግራሙ የተሸጠው በእነዚህ ስሞች እንደሆነ፣ ቡድኑ ከተከፈለ ደግሞ ሁለት መኪና እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ። ሁለቱም እውነት ነበር። እኔ ደግሞ በማግስቱ እዚያው ነፋስ ውስጥ መልሼ ብወስዳቸው በሦስተኛው ቀን ከሆቴሉ የሚወጣ ሰው እንደማይኖር ነገርኳቸው። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ፈቀዱልኝ።

የአናሂታው ቦታ ቀድሞ የተከፈለበትና የማይመለስ ስለነበር ሁለቱ ጠንካራ ተጫዋቾች ወደዚያው ሄዱ፤ ለስድስቱ የተከፈለው ገንዘብ ግን ቀረ፣ ድርጅታችንም ኪሳራውን ተሸከመ። ስድስቱ ረፋዱን አርፈው ከሆቴሉ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚርቀው፣ ፒተር ማትኮቪች በነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው የሞን ሹዋዚ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ተጫወቱ። ዘጠኝ ብቻ እንዲሆን ያደረግነው አስበንበት ነው። በሐምሌ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ሙሉ ዙር ደግሞ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚወስድ፣ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ሰው የመጨረሻዎቹን ጉድጓዶች በሩጫ ወይም በጨለማ ነው የሚጨርሰው።

ቤል ኦምብርን አልሰረዝንም። እዚያ ያለውና ሌ ሻቶ የሚባለው የቆየው ሜዳ በተራራና በባሕር መካከል በሰፊው የተዘረጋ ስለሆነ ወደ ጎን የሄደ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። በዚያው ግቢ ሉዊ ኡስትሃይዘንና ማትኮቪች ነድፈውት እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ላ ሪዘርቭ የተባለ ሁለተኛ ሜዳ አለ፤ የባሕሩ ነፋስ እንዲፈትነው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ቡድን አልመርጠውም። ጎህ ሳይቀድ ተነሳን፣ ሁሉም ከፊተኛው መነሻ ጀመሩ፣ ስምንቱም ጨረሱ። በአራተኛው ቀን ፓራዲን በምዕራብ ዳርቻ በሚገኘው ታማሪና ለወጥነው። ሌ ሞርን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ታሪኩም ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መሸሸጊያ በመሆኑ ሊታይ የሚገባው ተራራ ነው፤ ሆኖም ጥጉ ነፋሻማ ስለሆነ በነፋስ የሚሳቡ የባሕር ተንሸራታቾች ከየአገሩ የሚሰበሰቡበት ነው። ታማሪና ግን ተራሮቹ ከምሥራቁ ነፋስ የሚከልሉት ደረቅ አካባቢ ሲሆን፣ ቢጫ ሣሩና የተበታተኑት ዛፎች ከአዋሽ ሸለቆ ጋር ስለሚመሳሰሉ መሐንዲሱ ከመኪናው ሳይወርዱ በፊት ነበር ፊታቸው የበራው። በዚያ ቀን በቀይ ምልክት ከተደረገባቸው አዳዲስ ኳሶች የጠፋባቸው ሁለት ብቻ ነበር።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ማንኛውም የጎልፍ ቡድን ወደ ቢሯችን ሲመጣ ፎቶግራፍ ከማሳየታችን በፊት የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ። የእያንዳንዱ ሰው ሃንዲካፕ (የጨዋታ ችሎታውን የሚያሳየው ቁጥር) ስንት ነው? በየትኛው ወር ነው የሚሄዱት? ዱላ ይዘው ይሄዳሉ ወይስ እዚያ ይከራያሉ? ከመካከላቸው ወገብ ወይም ጉልበት የሚያመው አለ? የማይጫወት የትዳር ጓደኛ አብሮ ይሄዳል? እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ በዋለው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት ለእያንዳንዱ መነሻ ስሎፕ የሚባል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከ55 እስከ 155 ይደርሳል፣ 113 እንደ መካከለኛ ይቆጠራል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሜዳው ደካማውን ተጫዋች ከጠንካራው ይበልጥ ይቀጣዋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር የምናየው ለሜዳው ሳይሆን ለመነሻው ነው፤ አንድ ሜዳ ከኋላ አስፈሪ፣ ከፊት ደግሞ ደስ የሚል ሊሆን ይችላልና። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ቀላል ሜዳ እንዲሆን እናደርጋለን። ዕድሜያቸው ለገፋ ደንበኞች በእንግሊዞች ዘመን እ.ኤ.አ. በ1844 በተመሠረተው፣ ቫኮዋ ከተማ ደጋ ላይ በሚገኘው የጂምካና ክለብ አንድ ጠዋት እንመድባለን፤ አጭር፣ በዛፍ የተከለለና ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ካፊያ እንዳለው ግን አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

ወሩ ሲለወጥ ምርጫውም ይገለበጣል። በጥቅምትና በኅዳር ነፋሱ ስለሚለዝብና ዝናቡም ገና ስለማይጀምር፣ በሐምሌ የማልወስድበትን ምሥራቁን ዳርቻ ያን ጊዜ ራሴ አስቀድሜ እመርጠዋለሁ፤ ኢል ኦ ሰርፍንም ጭምር፣ ከፊተኛው መነሻ። ለገና ሰሞንና ከዚያ በኋላ ለሚሄዱ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚከብድ በማለዳ የሚጀመርበትን ሰዓት እንይዛለን፤ ወቅቱ የማዕበል አውሎ ነፋስ የሚያሰጋበት በመሆኑም ገንዘቡ የማይመለስ ቦታ አናስይዝም።

ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ያለን ክርክር ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ዝነኛ ስም ደንበኛ እንደሚያመጣ ይነግሩኛል፣ እኔም አልክድም። የተስማማነው በበራሪ ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ሜዳ ስም ጎን የሚመቸው ወር፣ ከሆቴሉ የሚወስደው የመንገድ ሰዓትና ለማን እንደሚስማማ እንዲጻፍ ነው። የመንገዱ ሰዓትም ከካርታ ሳይሆን ሾፌሮቹ ከሚነግሩን እንዲወሰድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።