የአሮጊቷን ስፖርት መኪናዬን መሪ እንዴት እንደመለስኩት

መኪናዬ በ1990 (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ናት። ሁለት ወንበር ብቻ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ የፊት መብራቷ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚል። ማዝዳ ይቺን መኪና በ1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ሲያወጣት ይዞት የተነሳው ሐሳብ "ጂንባ ኢታይ" የሚባል የጃፓን አባባል ነበር። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ክብደቷ አንድ ቶን እንኳን ስለማይሞላ ነገሩ የማስታወቂያ ወሬ አይደለም። መሪዋን ስትይዙ አስፋልቱን በእጃችሁ የምትዳስሱት ያህል ይሰማችኋል። እኔም የምወዳት ለፍጥነቷ ሳይሆን ለዚህ ነው።

ታዲያ ልጓሙ ነው የተበላሸው።

የጀመረው በድምፅ ነበር። ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ለመውጣት መሪውን ስጠመዝዝ ከፊት "ዊይይ" የሚል ቀጭን ዋይታ ይሰማል። ሞተሩ ሲሞቅ ይቀንሳል። ከሳምንታት በኋላ ግን መኪና ሳቆም መሪው ይከብደኝ ጀመር። እየዞረ እያለ መሀል ላይ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። የመሪው ዘይትም በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። እኔም እየሞላሁ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ አሠራሩን በአጭሩ ልናገር፣ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ሞተሩ በቺንጋ አንድ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ዘይት ስቦ፣ በኃይል ገፍቶ፣ በወፍራም ቱቦ ወደ መሪው ጥርስ፣ የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ ወደሚያስተላልፈው ክፍል፣ ይልከዋል። መሪውን ስታዞሩ በዘንጉ ጫፍ ያለች ቀጭን ብረት በመጠኑ ትጠመዘዛለች። ያቺ ጥምዝታ የዘይቱን መንገድ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትከፍታለች፣ ዘይቱም ጥርስ ያለውን ዘንግ እየገፋ ያግዛችኋል። መሪው ጥግ ሲደርስ ግፊቱ ከ70 ባር ሊበልጥ ይችላል። የጎማችሁ አየር 2 ባር ገደማ መሆኑን አስቡና አወዳድሩት። ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ግፊት የለም፣ መሳብ ብቻ ነው። ይህቺን ልዩነት ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ግማሹ ድካሜ ይቀርልኝ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ዘይቱን ቀየርኩ። የኔ መኪና የምትጠቀመው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ ዴክስሮን የሚባለው ቀዩ። አሮጌው ሲወጣ ጥቁር ነበር፣ የተቃጠለም ይሸታል። አዲሱን ስሞላ ዋይታው ለሁለት ቀን ጠፋና ተመለሰ። እንግዲህ ፓምፑ ነው አልኩ። ድምፁ የሚመጣው ከፓምፑ ነው፣ ፓምፑም ከመኪናዋ ጋር አብሮ ያረጀ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የታደሰ ፓምፕ ገዝቼ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቼ ቀየርኩት። ቺንጋውም ዘይት ጠጥቶ ስለነበር እሱንም ቀየርኩ። በዚች መኪና ላይ ፓምፑንና የኤሲውን ኮምፕረሰር የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው።

ሞተሩን አስነሳሁ። መሪውን አዞርኩ። "ዊይይ።"

ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ ሥራዬን በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት። አንድ ዕድሜያቸውን በመኪና ሥር ያሳለፉ መካኒክ ነገሩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። "ሞተሩን ስታጠፋ ዘይቱ ከፍ ይላል?" አላየሁም አልኳቸው። "ሂድና እይ" አሉኝ።

ሄጄ አየሁ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ፣ ሌላ ሰው መሪውን ቀስ እያለ እንዲያዞር አደረግሁ። ዘይቱ ቀይ አልነበረም። እንደ ተበጠበጠ ሳሙና ነጣ ብሎ ሮዝ ሆኗል። ከመመለሻው ቱቦ አፍ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ተሰልፈው ይወጣሉ። "አጥፋው!" አልኩ። ሞተሩ እንደጠፋ ዘይቱ አንድ ጣት ያህል ሽቅብ መጣ። ዘይት ራሱ አይጨመቅም። የሚጨመቀውና ተመልሶ የሚያብጠው ውስጡ የገባ አየር ነው። ፓምፑ የሚያለቅሰው አርጅቶ ሳይሆን በዘይት ፋንታ አየር እየዋጠ ነበር ማለት ነው።

አየሩ የሚገባበትን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው የመሳቢያ ቱቦ ከማሰሪያው ሥር ደርቆ ተሰንጥቋል። ጎማው በጣት ሲጫኑት እንደ ፕላስቲክ ጠንካራ ነው። ፓምፑን ስቀይር ይህንኑ ቱቦ አውልቄ መልሼ ገጥሜዋለሁ! ያን ጊዜ ያልጠረጠርኩት አንድም ጠብታ ስለማይጥል ነው። ለካ ሞተሩ ሲሠራ ይህ ቱቦ ይስባል እንጂ አይገፋም። ዘይት አያስወጣም፣ አየር ያስገባል። ያረጀ ቱቦ የግድ ያንጠባጥባል ብላችሁ አትጠብቁ። ዘይት የሚችል አዲስ ቱቦ ቆርጬ፣ ማሰሪያዎቹን ቀይሬ ገጠምኩት። የውሃ ወይም የተራ ጎማ ቱቦ እዚህ አይሆንም፣ ዘይቱ ያለሰልሰውና ያፈርሰዋል።

ዋይታው ጠፋ። የዘይቱ መጉደል ግን አልቆመም።

ይህኛው ሁለተኛው በሽታ ነበር። የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ሥሯን በሙሉ በፍሬን ማጽጃ አጥቤ፣ ደረቅ ዱቄት ነስንሼ አንድ ቀን ነዳኋት። ዱቄቱ እርጥበት ባገኘበት ቦታ ይጠቁራል፣ መንገዱን ያሳያችኋል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሞተሩ እየሠራ ወፍራሙን ቱቦ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ፍሳሽ አትፈልጉ። በዚያ ግፊት ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ይህ ደግሞ ቶሎ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ጉዳት ነው። ካርቶን ተጠቀሙ።

ቱቦዎቹ ደረቅ ነበሩ። በስተግራ ያለውን የመሪ ጥርስ ሽፋን፣ ያንን እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውን ጎማ፣ ማሰሪያውን ፈትቼ ጫፉን ገለጥ ሳደርገው ቀይ ዘይት ክንዴ ላይ ፈሰሰ። እዚያ ውስጥ ቅባት እንጂ ዘይት መኖር የለበትም። የውስጡ ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ አልቋል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ "ፍሳሽ ያቆማል" የሚባለውን ፈሳሽ ይጨምራል። እኔ አላደረግሁትም፣ ለማንም አልመክርም። የፓራኦሊዮውን ጎማ ለጊዜው ያሳብጠዋል እንጂ ያለቀውን አይተካም። "ፓምፑን አውጥተህ ያለ እገዛ ንዳት" ያሉኝም ነበሩ፣ መኪናዋ ቀላል ናት በሚል። ይቺ መኪና ያለ ፓወር ስቲሪንግም ትሸጥ ስለነበር ምክሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ነገር ግን የባለ ፓወሩ ጥርስ ከተራው የፈጠነ ነው፤ ያለ እገዛ ሲዞር ከተራው ይበልጥ ይከብዳል። ያቺ የምትጠመዘዘው ብረትም እዚያው ስላለች መሀል ላይ ላላ ያለ ስሜት ይቀራል። እኔ የምፈልገው ያንን ጥርት ያለ መሪ ስለነበር እስከ መጨረሻው ለመሄድ ወሰንኩ።

ጥርሱን ማውረድ ሁለት ቅዳሜ ወሰደብኝ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ በብረት ማቆሚያ ላይ አሳረፍኳት። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለች መኪና ሥር አይገባም። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ፣ መሪው እንዳይዞር በደህንነት ቀበቶው ጠፍሬ አሰርኩት። ኤርባግ ባለበት መኪና ይህ በተለይ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የመሪው ዘንግ ከጥርሱ ተለያይቶ መሪው በነፃ ከዞረ ውስጡ የተጠቀለለው ገመድ ይበጠሳል። ዘንጉና ጥርሱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመርኩ። ጥርሱን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን የቴስቲኒዎቹን ዳዶ አላልቼ ሳወጣቸው ስንት ዙር እንደዞሩ ቆጥሬ ጻፍኩ፣ ግራ 18 ቀኝ 17። ያቺን ወረቀት አሁንም አልጣልኳትም።

የቱቦዎቹን ዳዶ መፍታት ላይ ግን አጠፋሁ። ለቱቦ ተብሎ የተሠራ፣ ዳዶውን ከሁሉም ጎን የሚይዝ ቁልፍ አለ። እኔ በተራው ቁልፍ ሞከርኩና የመጀመሪያው ዳዶ ጠርዙ ተላጠ። የዛገውን የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼ አሳደርኩት፣ ከዚያ በትክክለኛው ቁልፍ ቀስ ብሎ ወጣ። ዕድል ነው። ባይወጣ ኖሮ ቱቦውን ቆርጬ ሌላ ሥራ ውስጥ እገባ ነበር።

ሐሳቤ ጥርሱን ፈትቼ ፓራኦሊዮዎቹን ራሴ መቀየር ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሽፋኖቹን ሳወልቅ ግን በግራ በኩል ዘንጉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። በጨርቅ ጠረግሁት፣ አልጠፋም። ጥፍሬን በብረቱ ላይ ጎተትኩ። እንደ መስታወት ለስላሳ ሆኖ ሲሄድ ቆይቶ፣ ነጠብጣቡ ጋ ሲደርስ ጥፍሬ ተያዘ። መልሼ ጎተትኩ፣ እዚያው ተያዘ። ዝገቱ ብረቱን በልቶ ትንንሽ ጉድጓድ ሠርቷል። መሪው በዞረ ቁጥር ያ ሻካራ ቦታ በፓራኦሊዮው ከንፈር ላይ እንደ ሞረድ ይመላለሳል። አዲስ ፓራኦሊዮ ብገጥምበት በወራት ውስጥ ይቆርጠው ነበር።

ዝገቱ ከየት መጣ? በዚያው ጎን ያለው ሽፋን በአንዱ እጥፋት ላይ ተቀድዶ ነበር። ውሃና አፈር የገቡት በዚያ ነው። ቀዳዳውን ከሁለት ዓመት በፊት ፍሬን ስሠራ አይቼዋለሁ። "በሚቀጥለው" ብዬ አለፍኩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለካ ለዚህ ነው። ዋጋው ከአንድ ጣሳ ዘይት ብዙ የማይበልጥ የጎማ ሽፋን ሙሉ ጥርስ አስከፈለኝ። አሁን ጎማ ባወለቅሁ ቁጥር እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ገልጬ አያለሁ።

ስለዚህ የታደሰ ጥርስ አስመጣሁ። ከመግጠሜ በፊት የመጨረሻውን ግራና ቀኝ ዙር ቆጥሬ በትክክል መሀል ላይ አቆምኩት። በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች በሙሉ በአዲስ ተካሁ፣ ማጠራቀሚያውን አውጥቼ አጠብኩ፣ ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረውን ጥቁር ዘይት አፈሰስኩ። አሮጌው ቆሻሻ አዲሱ ጥርስ ውስጥ ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አየሩን ማስወጣት ላይ አትቸኩሉ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በጣም ቀስ እያልኩ ሃያ ጊዜ ያህል አመላለስኩት፣ መሀል መሀሉን ዘይት እየጨመርኩ። አረፋው ሲያልቅ ብቻ ሞተሩን አስነሳሁና ደገምኩት። ጥግ ላይ አስጨንቄ አላቆየሁም፣ ከአምስት ሴኮንድ በላይ እዚያ መያዝ ፓምፑን ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩን አጠፋሁ። ዘይቱ ካለበት አልተነቃነቀም።

ቴስቲኒዎቹን በጻፍኩት ዙር ልክ ብመልስም መሪው ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፣ ጥርሱ ሌላ ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። በቀስታ ነድቼ ወስጄ ጎማዎቹን በማሽን አስተካከልኩ። ከዚያ ወጥቼ የመጀመሪያውን ኩርባ ስገባ መሪው እጄ ላይ ቀለል ብሎ፣ ግን ደንዝዞ ሳይሆን፣ የአስፋልቱን ስንጥቅ ሁሉ እየነገረኝ ዞረ። ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ ሆን ብዬ አለፍኩት።

ያወጣሁትን የመጀመሪያውን ፓምፕ በኋላ ፈታሁት። ውስጡ ያሉት ምላሶች ሙሉ ናቸው፣ የሚሽከረከሩበትም ግድግዳ አልተፋቀም። አጽድቼ፣ አዲስ ፓራኦሊዮ አስገብቼ፣ ዘይት ቀብቼ በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።