አጋምና ቀጋ ለስምንት እንግዳ

ባለፈው ዓመት፣ በኅዳር የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ፣ ስምንት ጓደኞቼን ደሴ ወደሚገኘው ቤቴ እራት ጠርቼ፣ ከመጀመሪያው መጠጥ እስከ ቡና ቁርሱ ድረስ የዱር ፍሬ ያልገባበት ነገር ላለማቅረብ ወስኜ ነበር። ሐሳቡ የመጣልኝ ከችግር ነው። ከስምንቱ አራቱ ክርስቲያኖች፣ አራቱ ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው፤ በወሎ ወግ መሠረት ሥጋ ካቀረብሁ ለሁለቱም ወገን በየራሱ የታረደ፣ በየራሱ ድስት የተሠራ መሆን ነበረበት። በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቷል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ቆርሶ የሚጎርሰው ምን ቢሆን ይሻላል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ በልጅነታችን ከጦሳ ተራራ ሥር እየለቀምን ከንፈራችን እስኪጠቁር የበላነው ፍሬ ትዝ አለኝ።

ከሁሉ በፊት ፍሬውን ማግኘት ነበረብኝ። እንጆሪ የሚለው ስም በእኛ ዘንድ ለብዙ ነገር ይውላል፤ በትንንሽ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠው ስትሮበሪም፣ ቅጠሉ ለሐር ትል የሚቀለበው ዛፍ ፍሬም፣ በወንዝ ዳር እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የሚበስለው የዱር ፍሬም እንጆሪ ይባላሉ። እኔ የፈለግሁት የመጨረሻውን ነበር፤ እርሱንና ቀጋን ከደጋው፣ ከኩታበር አቅጣጫ አገኘሁ። አጋም ግን ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ስለሚወድ ከሐይቅ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ሦስት ኪሎ ያህል ገዛሁ። ስሕተቴም የተጀመረው እዚያው ነው፤ አጋሙን በፌስታል ሞልቼ ስለተሸከምሁት ከሥር ያለው በላዩ ክብደት ፈርጦ፣ ቤት ስደርስ ግማሹ ጭማቂ ሆኖ ጠበቀኝ። በማግስቱ እንጆሪውን በሰፌድ ላይ በስሱ አስጥቼ አመጣሁት፤ እስኪበላም ድረስ አላጠብሁትም፤ ምክንያቱም ውኃ የነካው እንጆሪ በአንድ ሌሊት ሻጋታ ያወጣል። ይህንንም ቢሆን የተማርሁት ከሌላ ጥፋት ነው፤ አንዲት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከችልኝ ስትሮበሪ ታጥቦና ታሽጎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲደርስ ነጭ ጸጉር አብቅሎ ነበር።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ የአጋሙ ማርማላታ ነው። አጋም ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ያ ወተት ከንፈርና ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ሲፈላም የድስቱን ጠርዝ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ስለዚህ ፍሬውን በጥቂት ውኃ ቀቅዬ፣ በወንፊት አጥልዬ፣ ዘሩንና ልጣጩን ካስወገድሁ በኋላ ለአንድ ኪሎ ጭማቂ አንድ ኪሎ ስኳር ጨመርሁ። በመጀመሪያው ሙከራ የአሉሚኒየም ድስት ተጠቅሜ ነበር፤ ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየምን ስለሚበላ ማርማላታው ብረት ብረት አለኝ። ሁለተኛውን በማይዝግ ብረት ድስት ሠራሁት፤ እርሱ ደግሞ አረረ። የያዝሁት የውጭ አገር አሠራር ማርማላታው ቴርሞሜትር ላይ 105 ዲግሪ እስኪደርስ ይፍላ የሚል ስለነበር፣ እኔም ቴርሞሜትሬን ይዤ በትዕግሥት ስጠብቅ፣ 105 ሲሞላ ድስቱ ውስጥ የቀረው ጥቁር ከረሜላ ሆነ። ነገሩ በኋላ ሲገባኝ ራሴን ታዘብሁ። 105 ዲግሪ የባሕር ጠረፍ ልክ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማርማላታ ደግሞ የሚረጋው ውኃ ከሚፈላበት አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል በመሆኑ፣ እኔ ማውረድ የነበረብኝ 96 ወይም 97 ላይ ነበር። በሦስተኛው ቴርሞሜትሩን ትቼ፣ ቀዝቃዛ ሰሐን ላይ አንድ ጠብታ እያኖርሁ በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ጠብታው ሲሸበሸብ አወረድሁ። ያረረውን የጎረቤት ልጆች እየሰበሩ ሲመጥጡት ዋሉ።

ቀጋው ሌላ ጣጣ ነበረው። ውጪው ብርቱካንማ ቀይ ሆኖ ዓይን ይስባል፤ ውስጡ ግን በዘርና በደቃቅ ጸጉር የተሞላ ነው። ዘሩን ብቻ አውጥቼ የቀረውን ፈጭቼ ለሰላጣ የሚሆን ስጎ ሠርቼ አንድ ማንኪያ ብቀምስ፣ ጸጉሩ ጉሮሮዬን ያዘኝና ለረጅም ጊዜ ሳልሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሳቀች፤ ልጅ ሳለን ልጣጩን ብቻ ገምጠን የምንጥለው ለካ ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉንም እንደገና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጠለልሁት፤ ከዚያ በኋላ ሎሚ ሳያስፈልገው በራሱ ኮምጠጥ ያለ ጥሩ ስጎ ወጣው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ብርዙ ነው። ለሙስሊም ጓደኞቼ ጠጅ ስለማይሆን ማርን በውኃ በጥብጬ፣ የተጨፈለቀ እንጆሪ ጨምሬ፣ ጣዕሙ ይግባበት ብዬ ሐሙስ ማታ በጀሪካን ከደንሁት። ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ተነፈሰ፤ አረፋውም ወደ ላይ ገነፈለ። ጌሾ ባልገባበት ነገር እንዴት ይሆናል ብዬ ብገረምም፣ የፍሬው ልጣጭ ላይ በተፈጥሮ ያለው እርሾ ማሩን አግኝቶ ሥራውን እየሠራ ነበር። ልትረዳኝ በማለዳ የመጣችው ሙስሊም ጓደኛዬ አሽትታው ፈገግ አለችና «አብሽሪ፣ ገና ቀኑ ረጅም ነው፤ ይህንን ለእናንተ አስቀምጪው» አለችኝ። ሁለተኛውን ውኃው ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እንጆሪውንም ለአፍታ አፍልቼ አጥልዬ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በጠበጥሁት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲቀርብ ገና ንጹሕ ብርዝ ነበር።

ለቡና ቁርስ ያሰብሁት የእንጆሪ ኬክም ቀለሙ ከዳኝ፤ ሊጡ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ስለነበር ወይን ጠጅ ይሆናል ያልሁት አመድማ አረንጓዴ ሆኖ ከምድጃ ወጣ። የእነዚህ ፍሬዎች ቀለም ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል፣ ሶዳ ሲያገኝ ግን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሸሻል። በቀረችኝ ሰዓት በእርሾ የቦካ ትንሽ ድፎ ደፍቼ እንጆሪውን መሐሉ ላይ አኖርሁት፤ ሊጡ ራሱ ኮምጠጥ ያለ በመሆኑ ቀለሙ እንዳማረ ቀረ።

እንግዶቹ ሲገቡ በትሪው ላይ ምስር፣ ጎመን፣ በአጋም ጭማቂ የተበጠበጠ አዋዜ ከቅቅል ድንች ጋር፣ አጋም የገባበት ሰናፍጭ፣ ሰላጣ ከቀጋ ስጎ ጋር፣ እንዲሁም ጥቂት የፍሬ ጭማቂ ጠብ ያለችበት ሽሮ ነበር። አዋዜ በጠጅ ወይም በአረቄ ሲበጠበጥ ለሁሉም አይሆንም፤ በአጋም ሲሆን ግን ሁሉም እጁን ሰደደ፤ የማታው ምርጥ ነገር እርሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በቀረው ምግብ ላይ ግን ፍሬው በዛ። ሦስተኛውን እንጀራ ሲቆርስ አንዱ ጓደኛችን እየተሽኮረመመ «ባዶ ሽሮ አይኖርም?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌሎቹም ይህንኑ ሲጠብቁ ኖሮ ሳቃቸውን ለቀቁት። ተነሥቼ ፍሬ ያልነካው ሽሮ በአሥር ደቂቃ ሠርቼ አመጣሁ፤ ከሁሉ ቀድሞ ያለቀውም እርሱ ሆነ። ኮምጣጣ ነገር በየወጡ ሲገባ ምላስ ይደክማል፤ አሁን ቢሆን ፍሬውን በአዋዜው፣ በብርዙና በድፎው ብቻ አስገብቼ ሌላውን እንደ ወትሮው እተወዋለሁ።

ያላሰብሁት ነገር የመጣው ከእናቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳቋን ይዛ የዋለችው ሴት ትሪው ሲቀርብ አጋሙን አይታ ዝም አለች። ቀስ ብላም «ልጄ፣ አጋም ለእንግዳ ይቀርባል? በሰባ ሰባት እኮ ሌላ ስናጣ ነው የለቀምነው» አለችኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እኔ አልተወለድሁም፤ ለእኔ አጋም የልጅነት ጨዋታ ነው፣ ለእርሷ ግን ሌላ ቀን ነው። ምን እንደምመልስላት ጨነቀኝ። ከጓደኞቼ መካከል በዕድሜ ከፍ የሚለው «እማማ፣ እኛም እኮ የመጣነው ለቅመን ልንበላ ነው» ብሎ አዋዜውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሳት፤ እርሷም ተቀበለችው፤ መልሳም አጎረሰችው። ስለዚያ ዘመን ግን ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ የማቀርበውን ነገር ለቤቱ ትልቅ ሰው አስቀድሜ ማማከር እንዳለብኝ ይዣለሁ።

ቡናው ተፈልቶ እስከ በረካ ተጠጣ፤ ድፎው በማርማላታ ተበላ፤ በጀሪካን የቀረውን ብርዝ ክርስቲያኖቹ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያዙለት። ለእንግዶቹ አንድ አንድ ጠርሙስ ማርማላታ ሰጥቼ ስሸኛቸው ለቤት አንዲት ብቻ ተረፈች። በማግስቱ ለቁርስ ስፈልጋት ከቁም ሳጥኑ አጣኋት፤ እናቴ ከራስጌዋ ባለው ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቆልፋባት ነበር።