ሐምራዊው መብራት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ ዋለ። የተለየ ምክንያት የለውም፤ መጋቢት ቢገባም የምኖርባት የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ፀሐይ አልወጣላትም። ማታ ከሥራ ስመለስ ካፖርቴን ሳላወልቅ የበርበሬ ችግኞቼ ፊት ቁጭ አልኩ። እትዬ አ. ከሰጡኝ የማረቆ ዘር የበቀሉ ናቸው። መስኮቱ ሥር ያሉት ቀጥነው ተመዘዋል፣ አንገታቸውንም ወደ መስታወቱ አዘንብለዋል። በሐምራዊው መብራት ሥር ያሉት ግን አጫጭርና ደልዳላ ናቸው፤ ግንዳቸው በጣት ሲነካ አይልፈሰፈስም።

ሐምራዊ የሚመስለው ለእኔ ነው እንጂ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል አብልጦ የሚውጠው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ሰማያዊው ደግሞ ግንዱ ያለልክ እንዳይረዝም ይገታዋል። በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል በበርበሬ ላይ ተሞክሮ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፦ በቀይ ብርሃን ብቻ ያደጉት፣ ሰማያዊ ከተጨመረላቸው ይልቅ ክብደታቸውም የቅጠላቸው ብዛትም አነሰ። በቀዩ ላይ ዓይናችን እምብዛም የማያየው ሩቅ ቀይ ሲታከልበት ደግሞ ቁመታቸው ጨመረ።

ሐሳቤ እዚህ ሩቅ ቀይ ላይ ቀረ። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው ቤልትስቪል፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የሰላጣ ዘር ላይ ቀይና ሩቅ ቀይ እያፈራረቁ አበሩበት። ዘሩ መብቀል አለመብቀሉን የወሰነው መጨረሻ ላይ የበራው ቀለም ነበር። ቅጠል ቀዩን ውጦ ሩቅ ቀዩን ይመልሳል። ስለዚህ ቡቃያ ገና ጥላ ሳያርፍበት አጠገቡ ሌላ ተክል መኖሩን ከዚያ ብርሃን ይረዳል፣ ሽቅብም ይሽቀዳደማል። ዓይን የሌለው ፍጥረት ጎረቤቱን በቀለም ማወቁ እስካሁን ያስደንቀኛል። እማዬ መደቡ ላይ ችግኝ ስታሳሳ «ተጨናንቀው ካደጉ ሁሉም መንማና ይሆናሉ» ትል ነበር። ስለ ሩቅ ቀይ የነገራት ማንም የለም፤ መደቡን አይታ ነው ያወቀችው።

የእኔ መብራት ግን ሩቅ ቀይ የለውም። ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርበው እያደጉ እንኳን አንዱ የሌላውን መኖር ብዙም አይረዳም ማለት ነው። ግንቦት ላይ ወደ ጓሮ ሳወጣቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፀሐይና ጎረቤት ሲገጥማቸው ምን ይሆናሉ? በደልዳላ ግንዳቸው ይጸናሉ ወይስ ያን ጊዜ መመዘዝ ይጀምራሉ? ከአሁኑ ላራርቃቸው ይሆን?