በእጅ የተሳለ ጨረር

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ አንድ የቆየ የሆንግ ኮንግ ፊልም ከፈትኩ። «የቡድሃ መዳፍ» ይባላል። በፈረንጆቹ 1964 ሊንግ ዩን ያዘጋጀው፣ የሆንግ ኮንግ ሰው በሚናገረው የቻይና ቋንቋ በካንቶኒዝ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ወጣት ክፉኛ ይበደላል። ዘጠኝ ስልት ያለው የመዳፍ ጥበብ ከአንድ አዛውንት ይማራል። ከዚያ ውጊያ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ጨረሩ ነው። መዳፍ ሲዘረጋ ብርሃን ይወጣል። ብርሃኑ ፊልሙ ላይ በእጅ የተሳለ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። እና አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ጨረር ደጋግሞ ስሎታል ማለት ነው። እናቴ የቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን አጥብባ። ጨረሩን ሳይ እሷ ናት የታየችኝ።

ደግሞ በምን ጊዜ! የዚያን ዘመን የካንቶኒዝ ፊልም ብሩ ትንሽ፣ ሥራው ጥድፊያ ነበር። በአንድ ሳምንት ተቀርጸው ለሚያልቁት «የሰባት ቀን ትኩስ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

መሪዋ ተዋናይት ዩ ሶ ቻው ናት። ጃኪ ቻንን ከልጅነቱ ያሠለጠኑት የመምህር ዩ ጂም ዩን ልጅ። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን ጃኪ ቻንን ስናይ፣ ከእሱ በፊት እንዲህ ያለች የውጊያ ፊልም ተዋናይት እንደነበረች ማን ነገረን? አሁን ሳውቀው ደስ አለኝ።

ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሆንግ ኮንግ ሕዝብ አብዛኛው ቤቱም ገበያውም ካንቶኒዝ ነው። ሲኒማውን ግን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በማንዳሪን፣ በሌላው የቻይና ቋንቋ፣ የሚሠሯቸው ባለ ቀለም ፊልሞች ያዙት። ቴሌቪዥንም መጣ። በ1972 አንድም የካንቶኒዝ ፊልም አልተሠራም። አንድም! ሰው ቲኬት ቆርጦ ገብቶ በገዛ ከተማው ሲኒማ የእናቱን ቋንቋ አይሰማም። ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ። ደግነቱ በ1973 «የ72 ተከራዮች ቤት» የሚባል የካንቶኒዝ ፊልም ወጣና የዓመቱን ገበያ አንደኛ ሆኖ መራ።

የቡድሃ መዳፍም አልተረሳም። የሆንግ ኮንጉ ተዋናይና ዳይሬክተር ስቲቨን ቻው በ2004 «ኩንግ ፉ ሃስል» በሚለው ፊልሙ ላይ በኮምፒውተር አግዝፎ መልሶታል። እሱንም እወደዋለሁ። ትናንት ግን ያቺን የምትንቀጠቀጥ መስመር ወደኋላ እየመለስኩ ሳያት ነጋ።