ሲሶው የማን ነው?

ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ በአንድ ካውንቲ፣ ለገበሬዎች የመንግሥት ድጎማ የሚከፍል ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። አበሻ እዚያ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ገበሬዎቹም ይሄንኑ ይጠይቁኝ ነበር።

ኦክቶበር 2020 ነው። ቢሮው በኮቪድ ምክንያት ለባለጉዳይ ዝግ ስለሆነ ሁሉም ነገር በስልክ። የስንዴ ክፍያ የወጣበት ሰሞን ነበር። ፒኤልሲ የሚባለው የድጎማ ፕሮግራም ያኔ ለስንዴ በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) 5.50 ዶላር መነሻ ዋጋ ነበረው፤ የዓመቱ የገበያ አማካይ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል። የ2019 ምርት አማካይ 4.58 ስለነበር ልዩነቱ 92 ሳንቲም ነው። ታዲያ የሚሰላው በዚያ ዓመት በተዘራው ሳይሆን፣ ድሮ ለመሬቱ በተመዘገበው የእርሻ ስፋት፣ ቤዝ ኤከር በሚሉት ነው፣ የእሱም 85 ከመቶ። 100 ቤዝ ኤከር፣ በኤከር 40 ቡሼል ምርት የተመዘገበለት፣ ተቀናሽ ሳይነሳ 3,128 ዶላር ይደርሰዋል። ማሽላ ዘርቶ የስንዴ ብር የሚቀበል ሰው ነበር፤ እኔም ይሄ ነገር ለመዋጥ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

አንድ አራሽ ደወለ። «ገንዘቤ ለምን ጎደለ?» ፋይሉን ስከፍተው ሁለት እጁ ለሱ፣ ሲሶው ለባለመሬቷ ተከፍሏል። ባለመሬቷ በ2018 ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። በዚያ አካባቢ ባለመሬት ከምርቱ ሲሶ መውሰዱ የተለመደ ነው። አያቴ ጢሰኛ ስለነበሩ ይሄን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ችግሩ ግን ባልየው ከሞቱ በኋላ ልጅየው ከአራሹ ጋር ተስማምቶ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ አድርጎታል። ያውም በቃል። ሕጉ ደግሞ ድጎማውን የሚሰጠው ከምርቱ ጋር አብሮ ለሚከስር ሰው ነው። ዝናብ መጣም ቀረም የተቆረጠ ኪራይ የሚቀበል ባለመሬት ድርሻ የለውም፣ ሁሉም የአራሹ ነው።

ክፍያው ከመውጣቱ በፊት፣ ማርች ላይ፣ የፕሮግራሙ መመዝገቢያ ፎርም የድሮውን ድርሻ እንደያዘ ታትሞ ሄደ፤ ሁለቱም ሳያዩት ፈረሙ። ሳይገባ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ይመለሳል። ሥራ ባልደረቦቼ ደብዳቤው ይላክ አሉ። እኔ ግን አንዲት አሮጊት «የመንግሥት ዕዳ አለብዎት» የሚል ወረቀት ድንገት ከፖስታ ሳጥን ሲያወጡ ታየኝና ቀድሜ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ማሞቂያውን አሠራሁበት እኮ!» አሉኝ። ቀጥሎ ልጅየው ስልኩን ተቀብሎ ጮኸብኝ፦ «ወረቀቱን ያዘጋጃችሁት እናንተ፣ የምትከፍለው እናቴ?» እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም። ኪራዩ መቀየሩን ለቢሮው ያልተናገረው እሱ ራሱ መሆኑን ግን ያን ቀን አላነሳሁበትም፣ ምን ይጠቅማል። ጉዳዩ ገበሬዎቹ ራሳቸው ለሚመርጡት የካውንቲ ኮሚቴ ቀርቦ ድርሻው ተስተካከለ፣ እናትየውም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ጨረሱ። አራሹ ሙሉ ገንዘቡን አገኘ፤ ግን «ጎረቤቴን አጣላችሁኝ» ብሎ እሱም አኮረፈን።

ከዚያ ወዲህ ገበሬዎች ጁላይ 15 ሳይደርስ የዘሩትን ሊያስመዘግቡ ሲደውሉ፣ ስለ ሰብሉ ከማውራቴ በፊት «ኪራዩ እንደ አምናው ነው ወይስ ተቀየረ? ከባለመሬቱ ቤት የሞተ ሰውስ አለ?» እል ነበር። ጥያቄው የሚያስቀይማቸው ነበሩ። አንዱ «ይሄ አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። ድርሻው የሚጻፍበትን መስመር አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «ቆይ፣ እህቴን ልጠይቃት» ብሎ ዘጋው። ነገሩ ለካ በዚያ ክረምት መሬቱን ተካፍለውታል።