የዓባይን ክርክር ለቴሲስ ለምትመርጡ፦ የተነገረው ሌላ፣ የተሰማው ሌላ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሆነው በማስተርስ ደረጃ ስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽንን ከዓለም አቀፍ ፖለቲካ ጋር አያይዘው ማጥናት የሚፈልጉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ርዕስ የህዳሴ ግድብ ነው። ደግ ምርጫ ነው። ወንዙ የሚነሳው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው፤ ክርክሩ ግን ካርቱም፣ ካይሮና ኒው ዮርክ ይደርሳል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ርዕሱ ላይ «ያሳደረው ተጽዕኖ» ተብሎ ይጻፍና የሚሰበሰበው መረጃ የባለሥልጣናት ንግግር ብቻ ይሆናል። ንግግር ምን እንደተባለ ያሳያል እንጂ ማን እንዳመነው አያሳይም። ፈታኞች ዲፌንስ (የቴሲሱ የቃል ፈተና) ላይ ቶሎ የሚይዙት ይህንን ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ርዕስ ይስተካከል እንደሆን እንጂ አዲስ መረጃ አይሰበሰብም።

ስትራቴጂክ ናሬቲቭ (ለፖለቲካ ዓላማ የሚቀረጽ ትርክት) የሚባለው ማዕቀፍ ሥራውን በሦስት ይከፍለዋል፦ ትርክቱ እንዴት ተቀረጸ፣ በምን መንገድ ተሰራጨ፣ አድማጩ ዘንድ ሲደርስ ምን ሆነ። አንድ የማስተርስ ቴሲስ ሦስቱንም አይሸከምም። አንዱን በደንብ ያዙ፣ ቢበዛ ሁለቱን።

ስርጭቱን ከመረጣችሁ ጽሑፉን ጠበብ አድርጉት። ለምሳሌ በጸጥታው ምክር ቤት ግድቡን የተመለከቱት ሁለት ስብሰባዎች ብቻ ይበቃሉ፦ ሰኔ 22 ቀን 2012 እና ሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.። ግብፅ በሁለቱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በሳሜህ ሹክሪ ተናገረች። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው በተመድ ቋሚ መልእክተኛዋ በነበሩት ታዬ አጽቀ ሥላሴ፣ በሁለተኛው በውኃ ሚኒስትሩ ስለሺ በቀለ። አንድ ወጥመድ አለ። የ2012ቱ ስብሰባ በኮሮና ምክንያት በቪዲዮ ስለተካሄደ እንደ ወትሮው ቃለ ጉባኤ አልወጣለትም፤ ንግግሮቹ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ከጻፉት ደብዳቤ ጋር ተያይዘው ነው የተሰራጩት። በመደበኛው ቃለ ጉባኤ መዝገብ ብቻ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን አያገኘውም።

የዓመት ቁጥርም ያሳስታል። ፋይላችሁን «2013» ብላችሁ ብትሰይሙ በኛ አቆጣጠር የስለሺ ንግግር ነው፤ በፈረንጆቹ ደግሞ የግብፅ ፖለቲከኞች ያኔ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከሙርሲ ጋር ተሰብስበው ግድቡን ስለማሰናከል ሲመክሩ በቀጥታ በቴሌቪዥን የተላለፈበት ዓመት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱንም አቆጣጠር በሁለት አምድ መዝግቡ።

አሁን ወደ ኮዲንጉ፣ ማለትም ለጽሑፉ ክፍሎች መለያ ስም ወደ መስጠቱ። የኮሙኒኬሽን ተመራማሪው ሮበርት ኤንትማን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስቀመጠው ፍሬም (አንድ ጉዳይ ተቀርጾ የሚቀርብበት መንገድ) አራት ሥራ አለው፦ ችግሩን ይሰይማል፣ መንስኤውን ይጠቁማል፣ ይፈርዳል፣ መፍትሔ ያቀርባል። ኮድ የምታደርጉት በአንቀጽ ይሁን፣ ሙሉ ንግግሩን በአንድ ላይ አትውሰዱት። ቃል ብቻ እየቆጠራችሁም አትሂዱ። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የተፈራረሙት ስምምነት ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲመድብ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ያው ዓመት በግብፅ አፍ መብት ነው፣ በኢትዮጵያ አፍ በደል። «1959» የሚለውን የሚቆጥር ሶፍትዌር ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ሁለተኛ ኮደር (ኮድ የሚያደርግ ሰው) ያስፈልጋችኋል። ከናሙናው ከ10 እስከ 20 በመቶውን ለየብቻ ኮድ አድርጉና አነጻጽሩ፤ ግን «90 በመቶ ተስማማን» ብላችሁ አትለፉ። 100 አንቀጽ አለ እንበል። ሁለቱም ሰዎች «የህልውና ስጋት» የሚለውን ኮድ ለ10 ለ10 አንቀጽ ሰጡ፤ የተገናኙት ግን በ5ቱ ላይ ብቻ ነው፤ በ85ቱ ላይ ሁለቱም የለም ብለዋል። ስምምነቱ 90 በመቶ ነው። በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን እንኳ 82 በመቶ ይስማሙ ስለነበር የኮኸን ካፓ (የአጋጣሚውን ቀንሶ ስምምነትን የሚለካ ቁጥር) 0.44 ይሆናል። ይህ ደካማ ነው። የክሪፐንዶርፍ አልፋ የሚባለውን ሌላ የስምምነት መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ 0.80 ያዙ፤ ከ0.667 በታች ከሆነ ኮድ ቡኩን (የኮዶቹን መመሪያ) እንደገና ጻፉት፦ ለእያንዳንዱ ኮድ ትርጉም፣ ምን እንደሚገባበት፣ ምን እንደማይገባበት፣ አንድ ምሳሌ።

የአማርኛ ጽሑፍ ስትሰበስቡ «ህዳሴ፣ ሕዳሴ፣ ኅዳሴ» እና «አባይ፣ ዓባይ፣ ዐባይ» ሁሉም ይፈለጉ፤ «የህዳሴው»ና «በህዳሴ»ም እንዳይቀሩ። የማኅበራዊ ሚዲያ መረጃ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይኑር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን «የጎጃም ሕዝብ ስሜት» ብሎ ማቅረብ ትልቅ ስህተት ነው፤ ድምፁ የጠፋው ሰው አልተቆጠረም።

እኔ ብመርጥ ግን የምይዘው የአድማጩን ወገን ነው። ንግግሩን ማንም ከየትም አውርዶ ያጠናዋል፤ የሰከላን ገበሬ ጆሮ ግን ከለንደን ማንም አያገኘውም። «የመንግሥትን መልእክት ይቀበሉታል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለማያውቀው ተማሪ አልቀበልም የሚል የለም። ከሬዲዮ የሁለት ሦስት ደቂቃ ዘገባ አሰሙና «ጋሼ፣ አሁን የሰማነውን ለጎረቤትዎ ቢያወሩለት እንዴት ብለው ይነግሩታል?» በሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ተከታተሉ፦ ምን ጣሉ፣ ምን ጨመሩ፣ ማንን ተጠያቂ አደረጉ። ተጽዕኖ የምትሉት እዚህ ነው የሚታየው።

መልሱ በተረት ሊመጣ ይችላል፤ የቅኔ አገር ነው። አንድ አዛውንት «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ቢሉ ዛሬም ማደሪያ የለውም ማለታቸው ይሆን? ወይስ ድሮ እንዲህ ይባል ነበር፣ አሁን ግን አደረ ማለታቸው? ቃሉን ብቻ ኮድ ካደረጋችሁ ተቃራኒውን ትጽፋላችሁ። ወዲያው «ምን ለማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከፊቱና ከኋላው የተባለውንም ማስታወሻ ያዙበት።

ዘገባውን የምታሰሙትና የምታወያዩት ቡድን ከ6 እስከ 8 ሰው ይሁን፤ ሴቶችን ለብቻ አወያዩ፣ አለዚያ ወንዶቹ ይናገሩና ያበቃል። የድጋፍ ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳልና ለዚህ ጊዜ መድቡ። የቀበሌው ሰው መንገድ ያሳያችሁ፣ ውይይቱ ላይ ግን አይቀመጥ፤ እሱ ባለበት ስለ ቦንድና ስለ መዋጮ የሚሰጥ መልስ መረጃ አይሆንም። ቅጂውን በዚያው ሳምንት ወደ ጽሑፍ ገልብጡ፤ ስም በቁጥር ይተካ፣ የቁጥሩ ዝርዝር ከቅጂው ተለይቶ ይቀመጥ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ድምፅም ይጥፋ።